ልጃችሁ ሲኒየር ሲሆን፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከቻና ክፍያ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት

ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ልጄ 12ኛ ክፍል ገባ፤ የኮሌጁን ነገር ከየት ልጀምር? ከየትስ ልክፈለው?» መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጠነዋል። መመሪያው አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ለሚጨርስ ልጅ ወላጆች ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙ። የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈው ዋጋና እናንተ የምትከፍሉት ዋጋ የተለያዩ ናቸው። ገቢው መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ 80 ሺህ ዶላር የሚል ኮሌጅ 30 ሺህ ከሚለው ረክሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ልዩነቱን የሚያመጡት የምትሞሏቸው ቅጾችና ቅጾቹ የሚደርሱበት ቀን ናቸው። ስለዚህ ደረጃ 2ን ሳትሠሩ «ይህማ የኛ አቅም አይደለም» ብላችሁ አንድም ትምህርት ቤት አትሰርዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የልጁና የወላጆች ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ (ያለው ሰው)
- ግሪን ካርድ፣ የጥገኝነት ወይም የስደተኝነት ማረጋገጫ ወረቀት፣ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት
- ልጁ ኮሌጅ ከሚገባበት ዓመት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ያለው ታክስ ሪተርን ከነደብልዩ ቱውና ከነ1099ኙ። በ2027 መኸር ለሚገባ ልጅ የ2025 ታክስ ማለት ነው
- ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ) በምትሞሉበት ቀን በባንክ ያላችሁ ገንዘብ ልክ
- ከመኖሪያ ቤታችሁ ሌላ ያላችሁ ቤት ወይም መሬት የዛሬ ዋጋና ያለበት ዕዳ፤ አዲስ አበባ ያለውም ይቆጠራል
- ለልጁም ለወላጅም የየራሳቸው ኢሜይልና ስልክ። የሃይስኩሉን ኢሜይል አትጠቀሙ፤ ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፣ ዋናዎቹ መልእክቶች የሚመጡት ደግሞ ያን ጊዜ ነው
- የየኮሌጁን የመጨረሻ ቀን የምትጽፉበት አንድ ደብተር ወይም ሠንጠረዥ

1. ስም፣ የልደት ቀንና ዜግነት አመሳክሩ (ኦገስት–ሴፕቴምበር)

የብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ፋፍሳ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የልጁ ላስት ኔም የአባቱ ስም ሊሆን ይችላል፣ የአያቱም ሊሆን ይችላል፤ እናት ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛለች። ይህ በራሱ ምንም አይደለም፤ የቤተሰቡ ላስት ኔም አንድ መሆን የለበትም። ችግር የሚፈጠረው የአንድ ሰው ስም በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ነው። ሲስተሙ ስምን፣ የልደት ቀንንና ቁጥርን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ አካውንቱ አይጸድቅም። ካርዱ ላይ «ገብረ» እና «ማርያም» ተለያይተው ከተጻፉ እናንተም ለያይታችሁ ጻፉ። የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ተሳስቶ የተመዘገበ ከሆነም ቅጹ ላይ የምትሞሉት መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። ማስተካከል ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ፋፍሳ ጀምሩ።

ወላጅ ዜግነት ሲያገኝ አብሮ ዜጋ የሆነ ልጅ ካለ፣ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂዱና መዝገቡን አሳድሱ። አለዚያ መዝገቡ አሁንም ግሪን ካርድ ያዥ ይለዋል፤ ፋፍሳ ላይ ዜጋ ብሎ ሲሞላ ኮሌጁ ማስረጃ እስኪያይ ድረስ ገንዘቡ ይቆያል።

2. የኮሌጅ ዝርዝር በዋጋ አውጡ (ሴፕቴምበር)

የፌደራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባል ማስያ እንዲያስቀምጥ በሕግ ግዴታ አለበት። ገቢያችሁንና የቤተሰቡን ብዛት ስታስገቡ፣ ግራንቱ (የማይመለሰው እርዳታ) ተቀንሶ በዓመት በግምት ስንት እንደምትከፍሉ ይነግራችኋል። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የወጣውን ቁጥር ደብተሩ ላይ አስፍሩ።

ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ ኮሌጆች ይበቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ልጁ ያለ ጥርጥር የሚገባባቸውና ያለ ተጨማሪ ስኮላርሺፕ የምትችሏቸው ይሁኑ። አንዱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይሁን። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሰነፍ ነው» የሚለውን ወሬ እርሱት፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የመሸጋገሪያ ፕሮግራም አለ። ሲመረቅ የሚያገኘው ዲግሪ የዩኒቨርሲቲው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «አጎቱ ሌላ ስቴት ስለሚኖር በእሱ አድራሻ የነዋሪ ዋጋ እናገኛለን» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። በወላጅ ሥር ያለ ልጅ ነዋሪነቱ የሚታየው በወላጁ ነው፤ አብዛኛው ስቴት ደግሞ ቢያንስ 12 ወር መኖርን ይጠይቃል። በቅርቡ ስቴት የቀየራችሁ ከሆነ ሊዝ፣ መንጃ ፈቃድና የስቴት ታክስ ወረቀታችሁን አሁኑኑ ሰብስቡ።

3. አካውንት ክፈቱ (ሴፕቴምበር)

ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ልጁ የራሱን፣ ወላጅ የራሱን አካውንት ይከፍታል። ባልና ሚስት ታክስ አንድ ላይ ካሠራችሁ የአንዳችሁ ይበቃል፤ ለየብቻ ካሠራችሁ ሁለታችሁም መክፈት አለባችሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ይከፍታል፤ ነገር ግን ማንነቱን ማረጋገጥ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል እስከ ኦክቶበር አትጠብቁ።

የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፤ ለታክስ ሠሪያችሁም ቢሆን። ይህ አካውንት ሕጋዊ ፊርማችሁ ነው፤ ብድርም የሚፈረመው በእሱ ነው። ፋፍሳ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተዉት፤ ቅጹ ነጻ ነው፣ የሃይስኩሉ ካውንስለርም በነጻ ያግዛል።

4. ማመልከቻውን ላኩ (ኦክቶበር–ጃንዋሪ)

ይህ በአብዛኛው የልጁ ሥራ ነው። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በአንድ ቅጽ እስከ 20 ኮሌጅ ያስገባል፤ ዋናው ጽሑፍ ከ650 ቃል አይበልጥም። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ እዚያው ቅጹ ላይ የክፍያ ነጻ ጥያቄ አለ። በሃይስኩሉ ነጻ ወይም ቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ልጅ ይገባዋል፤ ይህን ሳያውቁ ለየኮሌጁ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

«ኧርሊ ዲሲዥን» እና «ኧርሊ አክሽን» ይምታታሉ። አክሽን ቶሎ መልስ ማግኛ ብቻ ነው። ዲሲዥን ግን ቃል ኪዳን ነው፦ ከተቀበሉት ሌላውን ሁሉ ትቶ ይገባል፣ የሌላ ኮሌጅ ገንዘብ ማነጻጸርም አይችልም። የካልኩሌተሩ ቁጥር እንደምትችሉት ካላረጋገጠላችሁ ዲሲዥን አትፈርሙ። ጎበዝ ሆኖ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ ክዌስትብሪጅ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ተመልከቱ፤ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ነው፣ ማመልከቻው ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል።

5. ፋፍሳ ሙሉ (ከኦክቶበር 1 ጀምሮ)

ፔል ግራንት፣ የፌደራል ብድር፣ ወርክ ስተዲ (ልጁ እየተማረ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ) እና የብዙ ስቴቶች እርዳታ የሚመጡት በዚህ አንድ ቅጽ ነው። ልጁ ይጀምራል፣ ወላጁን በኢሜይል ይጋብዛል፣ ወላጁ በራሱ አካውንት ገብቶ የራሱን ክፍል ይሞላል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። አንዱ ሳይፈርም የቀረ ቅጽ እንዳልተላከ ይቆጠራል። እስከ 20 ኮሌጅ መጻፍ ይቻላል፤ ልጁ ገና ያልወሰነባቸውንም አስገቡ።

ሰው የሚሳሳትባቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

*ማን ነው ወላጅ?* የወለደ ወይም በሕግ በጉዲፈቻ የወሰደ። ልጁ ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ጋር ቢኖርም የሚጻፈው የእነሱ ገቢ አይደለም። ወላጅ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ከሆነ እዚያ ሆኖ አካውንት ከፍቶ ይሞላል፤ ገቢውም ወደ ዶላር ተቀይሮ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ሕጋዊ አሳዳጊ የሾመለት ልጅ ግን ራሱን የቻለ ተብሎ ይቆጠራልና የወላጅ መረጃ አይጠየቅም፤ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አዘጋጁ። ወላጆች ከተፋቱ የሚሞላው ባለፉት 12 ወራት ልጁን በገንዘብ የበለጠ የረዳው ነው፤ እሱ ወይም እሷ ዳግመኛ ካገቡ የአዲሱ የትዳር ጓደኛ ገቢም ይገባል።

*ፈቃድ።* የታክስ መረጃችሁ በቀጥታ ከአይአርኤስ እንዲመጣ ቅጹ ፈቃድ ይጠይቃል። እሺ በሉ። አሜሪካ ታክስ አሠርቶ የማያውቅ ወላጅ እንኳ መፍቀድ አለበት፤ አንድ ሰው ከከለከለ ልጁ ምንም የፌደራል እርዳታ አያገኝም።

*የታክስ አሠራር።* አንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ሆነው አንዳቸው «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» ብለው ካሠሩ ኮሌጁ ሁለቱ ነገሮች ሲጋጩ ያያል፤ ታክሱ እስኪታረም እርዳታውን ይይዛል። አሁን ካላችሁበት አሳርሙት፤ ማሳረሙ ወራት ይወስዳል።

*ንብረት።* የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ሂሳብ (401ኬ፣ አይአርኤ) አይጻፉም። አዲስ አበባ ያከራያችሁት ኮንዶሚኒየም ግን ከዕዳው የተረፈው ዋጋ እንደ ኢንቨስትመንት ይጻፋል። በወላጅ ስም ካለ ንብረት ቀመሩ ቢበዛ 5.64 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ በልጁ ስም ካለ ገንዘብ ግን 20 በመቶ። 10 ሺህ ዶላር በልጁ አካውንት ከተቀመጠ የሚጠበቅባችሁ በ2 ሺህ ዶላር ይጨምራል፣ በእናንተ ከሆነ ከ564 አይበልጥም። ለምረቃ የሚሰጠውን ገንዘብ በልጁ ስም የምታስቀምጡ ሰዎች፣ አስቡበት።

*ድጎማዎች።* ቤተሰቡ በቅርብ ሁለት ዓመት ሜዲኬይድ፣ ስናፕ ወይም ነጻ ምሳ አግኝቶ ከሆነ ምልክት ማድረግ አትርሱ። «ያሳፍራል» ወይም «ያስጠይቃል» ተብሎ የሚዘለል ጥያቄ ነው፤ ምልክቱ ግን የንብረት ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር ይችላል።

*ኡበርና የግል ሥራ።* የሚታየው ከወጪ በኋላ የቀረው የተጣራ ገቢ ነው። ማይልና ጥገና በትክክል ካልተመዘገበ ገቢያችሁ ከእውነቱ በላይ ይመስላል።

*የኢሚግሬሽን ሁኔታ።* ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የመጣና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ልጅ የፌደራል እርዳታ ይገባዋል፤ በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ልጅም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ብቻ ያለው ልጅ አይገባውም፤ ለእሱ ደረጃ 7ን ተመልከቱ። ልጁ ዜጋ ከሆነ የወላጅ ወረቀት አለመኖር የእሱን መብት አይቀንስም።

ቅጹ ሲጠናቀቅ «ኤስኤአይ» የሚባል ቁጥር ይመጣል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 1,500 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን እርዳታው ይጨምራል። ይህ የምትከፍሉት ሂሳብ ሳይሆን ኮሌጆች እርስ በርስ የሚያወዳድሯችሁ መለኪያ ነው። ከፍተኛው ፔል ግራንት በ2025–26 በዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ አይመለስም።

6. ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (የሚጠይቅ ኮሌጅ ካለ)

ብዙ ታዋቂ የግል ኮሌጆች የራሳቸውን ገንዘብ የሚያከፋፍሉት በዚህ ሌላ የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ነው። የመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው፤ ገቢው እስከ 100 ሺህ ዶላር ለሆነ ቤተሰብ ነጻ ነው። ከፋፍሳ ይልቅ ይቆፍራል፦ የመኖሪያ ቤታችሁን ዋጋ፣ አብሮ የማይኖረውን ወላጅ ገቢ፣ የንግድ ወጪያችሁን ይጠይቃል።

መጨረሻ ላይ ያለው የማብራሪያ ሳጥን ለእኛ ትልቅ ነው። ፋፍሳ አገር ቤት ለእናትና ለወንድም የምትልኩትን ገንዘብ አይቆጥርም፤ እዚህ ግን መጻፍ ይቻላል። በአጭሩ ጻፉ፦ ለማን፣ በወር ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። የማስተላለፊያ ደረሰኞችን አዘጋጅታችሁ ቆዩ፤ ሊጠየቁ ይችላሉ።

7. የስቴቱን ገንዘብ አትርሱ

የስቴት ቀን ከኮሌጁ ቀን የተለየ ነው። የሜሪላንድ ማርች 1፣ የካሊፎርኒያ በተለምዶ ማርች 2 ነው። ሚኒሶታ «ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ» ገቢው ከ80 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። ዲሲ የሚኖር ልጅ በሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማር የዋጋ ልዩነቱን የሚቀንስለት ዲሲ ታግ አለ፤ ማመልከቻው ለብቻው ነው። ለፌደራል እርዳታ ብቁ ያልሆኑ ልጆች በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በዋሽንግተን ስቴትና በሚኒሶታ የስቴቱን የራሱን ቅጽ መሙላት ይችላሉ፤ የትኛው እንደሆነ ካውንስለሩ ያሳያችኋል።

8. ፖርታሉን በየሳምንቱ እዩ (ጃንዋሪ–ማርች)

ኮሌጆች አንዳንድ ቤተሰቦችን ለማጣራት ይመርጣሉ፤ የታክስ ቅጂ፣ የቤተሰብ ብዛት ማረጋገጫ፣ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚመጣው በደብዳቤ ሳይሆን በልጁ ፖርታል (ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ባለው የግል አካውንቱ) ላይ ነው፤ ልጁ ደግሞ ላይነግራችሁ ይችላል። እሑድ ማታ አብራችሁ ክፈቱት። የተጠየቀው ወረቀት ካልገባ ግራንቱ ለሌላ ይሄዳል።

9. ደብዳቤዎቹን አነጻጽሩ (ማርች–ኤፕሪል)

ደብዳቤዎቹ ግራንትን፣ ብድርንና ወርክ ስተዲን «እርዳታ» ብለው በአንድ ዓምድ ይደምራሉ። እናንተ ለዩአቸው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ሙሉ የዓመት ወጪ (ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት) ሲቀነስ የማይመለስ ገንዘብ ብቻ።

ለምሳሌ የግል ኮሌጅ ወጪው 84,000፣ ግራንቱ 62,000 ዶላር ነው እንበል። 5,500 ብድርና 2,500 ወርክ ስተዲ ጨምሮ «የሚቀርባችሁ 14,000 ነው» ይላል። እውነቱ 22,000 ነው፤ ብድሩ ይከፈላል፣ ወርክ ስተዲውም ልጁ ሠርቶ በየጊዜው የሚያገኘው ደመወዝ እንጂ ከሂሳቡ የሚቀነስ አይደለም። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ወጪው 31,000፣ ግራንቱ 13,000 ከሆነ የሚቀረው 18,000 ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 6,000 ቢሆንና ልጁ ከቤት እየተመላለሰ ሙሉ ፔል ቢያገኝ፣ ክፍያው ተሸፍኖ 1,395 ዶላር ለመጽሐፍና ለአውቶቡስ ይተርፈዋል። የየአንዳንዱን ቁጥር በአራት አባዙ (የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን በሁለት፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን ሁለት ዓመት ጨምሩበት)። ስኮላርሺፑ ለአራቱም ዓመት መሆኑንና ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅም በጽሑፍ አረጋግጡ።

10. ካነሰ ጠይቁ

ታክሱ የሁለት ዓመት የቆየ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከጠፋ፣ ሰዓት ከተቀነሰ፣ የሕክምና ወጪ ከመጣ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው «ፕሮፌሽናል ጀጅመንት» (እርዳታው በአሁኑ ሁኔታችሁ እንደገና እንዲታይ) እንደምትፈልጉ ጻፉ። የሥራ መቋረጫ ደብዳቤ፣ የቅርብ የደመወዝ ወረቀት፣ የሆስፒታል ቢል አያይዙ። ቁጥር ያለበት አንድ ገጽ ከረጅም ልመና ይሻላል። ከሜይ 1 በፊት ላኩት፤ አብዛኛው ኮሌጅ የመግቢያ ውሳኔ የሚጠብቀው እስከዚያ ቀን ነው።

11. ብድር በዚህ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ በልጁ ስም ያለውን የፌደራል ብድር። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በአንደኛ ዓመት 5,500፣ በሁለተኛ 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር መበደር ይችላል፤ በአራት ዓመት 27,000 ይሆናል። በ2025–26ቱ 6.39 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ሲከፈል በወር ከ300 ዶላር ይበልጣል። «ሰብሲዳይዝድ» የሚለውን ክፍል አስቀድሙ፤ ልጁ እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል።

ፓረንት ፕላስ የሚባለው የፌደራል ብድር የወላጅ ዕዳ ነው፤ ልጁ ሥራ ቢይዝም ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ወለዱ በ2025–26 8.94 በመቶ ነበር፣ ገና ከመነሻው ደግሞ ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጣል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ጣሪያ አለው። ወላጅ በክሬዲት ምክንያት ከተከለከለ ልጁ በራሱ ስም በመጀመሪያው ዓመት 4,000 ዶላር ይጨመርለታል። የባንክ ብድር የመጨረሻው ነው፤ ዘመድ ኮሳይን እንዲያደርግ (አብሮ እንዲፈርም) ከመጠየቃችሁ በፊት የሱ ክሬዲት አብሮ እንደሚታሰር ንገሩት።

12. የሰመር ወራት (ሜይ–ኦገስት)

- የመጨረሻ ትራንስክሪፕትና የክትባት ወረቀት ይላክ።
- የጤና ኢንሹራንስ አላችሁ? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ የራሳቸውን ኢንሹራንስ ቢል ላይ ይጨምራሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ያላችሁን ካርድ አስገብታችሁ በቀኑ «ዌቭ» ካላደረጋችሁት (አያስፈልገንም ካላላችሁ) ትከፍሉታላችሁ።
- የምግብ ፕላኑን ትልቁን አትምረጡ፤ በተለይ ልጁ የሚጾም ከሆነ። በብዙ ቦታ ዝቅ የሚደረገው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ነው።
- ቢሉ ከብዶ ከታየ የወር ክፍያ ፕላን ጠይቁ፤ ወለድ የለውም፣ የመመዝገቢያ ክፍያው ትንሽ ነው።
- በቀጣዩ ጃንዋሪ ኮሌጁ የሚያወጣውን 1098-ቲ (የትምህርት ክፍያ ማሳያ ቅጽ) አስቀምጡ። በታክሳችሁ ላይ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀንሰው የትምህርት ክሬዲት የሚሠራው በእሱ ነው።
- ፋፍሳ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል። የሁለተኛውን ዓመት ኦክቶበር 1 ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡ።